የለቅሶው እንጨት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መገልበጥ ነው፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ ስንት ጊዜ ሰፈሬን አልፌ ወርጃለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በእትዬ ብርቄ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስለሰማሁ ነው።

መሞታቸውን የሰማሁት መገናኛ ነው። ከማጸዳው ሕንፃ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ድሮ እሳቸው ቢሮ ተላላኪ የነበረች ሴት አየችኝ። «ብርቄን እኮ ነገ ልንቀብራቸው ነው፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ ያለው ሰው «እህት፣ ሂጂ እንጂ!» ብሎ ገፋ አደረገኝ፤ ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ወረቀት አውጥቶ አነበበ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገሉ። «በልዩ ልዩ የልማት ሥራዎች በቅንነት ተሰማርተው ቆይተዋል» አለ። እኛ ያለነው «ልዩ ልዩ» በምትለዋ ውስጥ ነው። ተራራው አልተጠራም፤ እዚያ የሆነውም አልተጠራም። ከሰፈራችን የመጣ ሰው ካለ ብዬ ዞር ስል እናቴና ጥሩዬ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ቆመዋል። ጥሩዬ በዱላዋ ተደግፋለች። ሄጄ «ግቡ እንጂ» ብላቸው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ራሷን ነቀነቀች። ለምን እንዳልገባች አውቃለሁ። ሌላ ሰው ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ፣ መንገዱ አልቆ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ቦታ ነበር። እናቴ እንጦጦ ወጥታ ቅጠልና ጭራሮ፣ ሲገኝም ወፈር ያለ እንጨት በጀርባዋ ታወርዳለች። የሰፈራችን ሴት ሁሉ ሥራዋ ይኸው ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ተራራው ላይ ነኝ። ሸክሙ ከእኛ ቁመት ስለሚረዝም መኪና ሲመጣ ወደ ጎን ዞረን ካልቆምን መንገዱ አያሳልፈንም። አጎንብሰን ስለምንሄድ የምናየው ከተማውን ሳይሆን የገዛ እግራችንን ነው።

ሊረዱን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጫማ ያድላል፤ አንዱ ብርድ ልብስ፤ አንዱ ልጆቹን አሰልፎ ፎቶ ያነሳል። እትዬ ብርቄ ሲመጡ በእጃቸው ከጃንጥላ በቀር ምንም አልነበረም። አጭር ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በክር ታስሯል። የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ኃላፊ ናቸው ሲባል ማናችንም አላመንንም፤ ኃላፊ በመኪና ነው የሚመጣው።

ጥሩዬ የእናቴ ጓደኛ ናት። ያን ጊዜ ምላሷ አያርፍም ነበር።

«እሺ እመቤት፣ ዛሬ ምን ይዘው መጡ?» አለቻቸው።

«ምንም» አሉ።

«በባዶ እጅ ይሄን ሁሉ ዳገት?»

«ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«አይ! ቤትዎ ወንበር የለም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ብርቄም ሳቁና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥሩዬ በጎን ለእናቴ «ጴንጤ ናቸው አሉ። ዛሬ ይቀመጣሉ፤ ነገ አስነስተው ያዘምሩናል» ስትል እኔ ሰምቻታለሁ። ጴንጤ መሆናቸው እውነት ነበር። ግን ባወቅናቸው ዘመን ሁሉ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተነፈሱም። በጾም ቀን ከመጡ እኛ ሳንቀምስ አይቀምሱም፤ ይህንንም ያስተዋለችው ራሷ ጥሩዬ ናት።

የዚያን ዕለት ከእናቴ ጋር ያወሩትን አልረሳም።

«ወገብሽን ያምሻል?» አሏት።

«ያመኛል።»

«ከዚያስ?»

«ጤና ጣቢያ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ኪኒን ሰጡኝ። አትሸከሚ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

እናቴ ተቆጣች። «ከዚያማ ተሸከምኩ! ምን ላድርግ እመቤት? ኪኒኑን ለልጆቼ ላብላ?»

እትዬ ብርቄ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በኋላ እንደገባኝ ይህ ልማዳቸው ነው፤ ለመናገር ሲቸኩሉ ራሳቸውን የሚይዙበት። ቆይተው ብቻ «ልክ ነሽ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ስም አወጡላቸው። ጃንጥላቸው ከታች ብቅ ሲል «ከዚያስ መጡ!» ይባባላሉ።

እትዬ ብርቄ ሰው ሲሰበስቡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ወረዳ ስንጠራ መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ይናገራል፤ ቀጥሎ የሚነሳው ሁሉ «ሊቀመንበሩ እንዳሉት» ብሎ ያንኑ ይደግማል። እሳቸው ግን ከታናሽ ያስጀምራሉ። ታናሿ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች አንገቴን ደፍቼ ዝም ብያለሁ። እሳቸው አይቆጡም፤ አያባብሉም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሌላውም በእኔ ምክንያት ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሦስተኛው ዝምታው ከበደኝና «ገመዳችንን ይወስዱብናል» አልኩ።

ጥሩዬ ጭኗን መታች። «አዪ ሙሉዬ! እኛ በዱላ ወገባችን ሲሰበር እሷ ስለ ገመድ ታወራለች!»

«ተያት» አሉ እትዬ ብርቄ። ወደ እኔ ዞሩ። «ገመዱን ይወስዳሉ። ከዚያስ?»

የደን ጠባቂዎቹ ሲይዙን እንጨቱን ያስጥሉናል፤ ገመዱን ግን ይዘው ይሄዳሉ። ገመድ የሌላት ሴት ደግሞ ከታች ካለችው እንጨት ነጋዴ ትዋሳለች። ነጋዴዋ «በእኔ ገመድ ቅጠል አይታሰርም» ትላለች፤ ወፍራም እንጨት ካላመጣሽላት አታውስም። ወፍራም እንጨት መሬት ወድቆ አይገኝም፤ ይቆረጣል። ስትቆርጪ መጥረቢያው ድምፅ አለው፤ ጠባቂዎቹ ይሰማሉ። እየተንተባተብኩ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። እናቴ አፏን ከፍታ ታየኛለች፤ ነገሩን ስለማታውቀው አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን አንድ ላይ አያይዘነው አናውቅም።

እትዬ ብርቄ በጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱ ላይ ክብ ሠሩ። «እና መቁረጡ የሚጀምረው ከገመዱ ነው» አሉ።

በማግስቱ ወደ ጠባቂዎቹ ጎጆ ሲወጡ እኔንና እናቴን ይዘውን ሄዱ። የጠባቂዎቹ አለቃ አምሳ አለቃ ደምሴ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፤ ስሙ ሲጠራ ልጅ የምናስፈራራበት ሰው። ጎጆው ግድግዳ ላይ ገመዶቻችን በምስማር ተንጠልጥለዋል። እናቴ የራሷን አየችና በክርኗ ነካችኝ።

«አምሳ አለቃ፣ ይሄን ሁሉ ገመድ ምን ያደርጉበታል?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ምን አደርግበታለሁ፤ ይሰቀላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቃዬ ለቁጥጥር ሲመጣ ያያል። ዘበኛ መሥራቱ በምን ይታወቃል ወይዘሮ? ዛፉ አይመሰክርልኝ! ገመድ ካልተሰቀለ ተኝተህ ነው የከረምከው እባላለሁ። ደመወዜ ይያዛል።» ከዚያ ወደ እናቴ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እነዚህን ሴቶች መምታት ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል? እናቴ እኮ እንጨት ሸጣ ነው ያሳደገችኝ።»

እናቴ ወደ ቤት ስንወርድ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ደጃችን ስንደርስ «እሱም እናት አለው እንዴ?» አለች።

እትዬ ብርቄ ወራት ፈጅተው፣ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው፣ ሰዎቹን ሁሉ ተራራው ላይ ሰበሰቡ። ከጤና ጣቢያ ነርስ፤ ከደን ቢሮ የአምሳ አለቃ አለቃ፤ ከወረዳ አቶ ሰለሞን የሚባል ኃላፊ። ያስቀመጧቸው ሸክማችንን ከጀርባችን ሳናወርድ የምናሳርፍበት የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አልነበረም። አቶ ሰለሞን ሱሪው እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ አነጠፈ።

አቶ ሰለሞን «የእነዚህ እናቶች ችግር አለመደራጀት ነው» ብሎ ጀመረ። «በአንድ ለአምስት ቢደራጁ፣ በጥቃቅን ቢታቀፉ፣ አመለካከታቸው ቢለወጥ...»

«እሺ» አሉ እትዬ ብርቄ። «አመለካከቱን ትንሽ እናቆየውና ስለ አንዲት ሴት እንነጋገር።» እናቴን አስቀመጧት። ለእያንዳንዱም ሰው ይህች ሴት ወደ አንተ ስትመጣ ምን ታደርጋለህ ብለው ጠየቁ። ነርሷ ኪኒን እንደምትሰጥ ተናገረች። የደን ቢሮው ሰው ሕግ እንደሚያስከብር፣ አቶ ሰለሞን ሕገ ወጥ ለሆነ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ እንደማይችል ተናገሩ። እትዬ ብርቄ የራሳቸውንም ጨመሩ፤ «የእኔ ድርጅትም በዓመት አንዴ ብርድ ልብስ ይሰጣታል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣

«ሁላችንም ሥራችንን በትክክል ሠርተናል» አሉ። «ያጠፋ ሰው የለም። አንድ ላይ ሆነን ግን የዚህችን ሴት ወገብ ሰብረናል።»

ነርሷ መሬት መሬት ታያለች። እናቴ ሰው ሁሉ ስለ ወገቧ ማውራቱ አሳፍሯት ነጠላዋን ትጎትታለች።

ስምምነቱ የተደረገው እዚያው ነው። ሴቶቹ በተወሰነ ቀን፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ይጠርጋሉ። መጥረቢያ ይዞ መውጣት የለም። በምትኩ በዚያ በኩል የተተከለውን ችግኝ ይንከባከባሉ። ቁጥጥር ሲመጣ የሚታየው የተሰቀለ ገመድ ሳይሆን የጸደቀ ችግኝ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን የደን ቢሮው ሰው እንዲቀበል ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት አድርገው እንዳሳመኑት አላውቅም። አምሳ አለቃ ገመዶቹን ከምስማሩ እያወረደ ለባለቤቶቹ ሲመልስ ጥሩዬ የራሷን ተቀብላ «ጠብቀውልኛል፤ ክፉ አይዩ» አለችው። እሱ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ረጅም አይደለም። ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። እናቴ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ጥሩዬ ለችግኞቿ ስም ታወጣለች። «ይሄ ሰለሞን ነው» ትላለች፤ «ውኃዬን ይጠጣል፤ አያድግም።»

እውነተኛው አቶ ሰለሞን ግን ደስተኛ አልነበረም። ወረዳው ስብሰባ ሲኖረው አዳራሹን የምንሞላለት እኛ እንድንሆን ፈልጎ እትዬ ብርቄን ጠየቃቸው። እኔ ቢሯቸው መልእክት ላደርስ ሄጄ ሲመልሱለት ሰምቻለሁ። «ሴቶቹን እንዳላበድርዎት የእኔ አይደሉም» አሉት። «ራሳቸውን ይጠይቁ።» አቶ ሰለሞን ከሊቀመንበር ጋር ሲሆን የሚያሳየውን ፈገግታ አሳይቶ ወጣ።

በዚህ መካከል የእትዬ ብርቄ እናት አረፉ።

ወሬው ሰፈራችን ሲደርስ ሴቶቹ እናቴ ደጅ ተሰበሰቡ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ስንደርስ ገንዘብ የለንም፤ እህል የለንም። የምንሰጠው እንጨት ነው። ድንኳን ሲጣል ለቀስተኛ ይበላል ይጠጣል፤ ስለዚህ ሌሊትና ቀን እሳት አይጠፋም። ሟቹን ወይም ሐዘንተኛውን ምን ያህል እንደምናከብረው የሚታወቀው ይዘን በሄድነው እንጨት ነው። ለሩቅ ሰው ጭራሮ ይበቃል። ለወላጅ፣ ለባለውለታ ግን ደህና ወፍራም ግንድ ይዘን ካልሄድን ስድብ ነው።

«ምን ይዘን እንሂድ?» አለች አንዷ።

«ያለው ቅጠል ነው» አለች ሌላዋ።

ጥሩዬ ቆጣ አለች። «ለእሳቸው እናት ቅጠል? ወገብሽን ላቃኑልሽ ሰው ቅጠል ተሸክመሽ ትሄጃለሽ? እኔ በበኩሌ አላደርገውም!»

«ስምምነቱስ?» አለች ያቺው።

እናቴ ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን ገብታ ካልጋው ስር የቆየውን መጥረቢያ አወጣች። «ለቅሶ ነው እኮ» አለች። «ለቅሶን ማን ይከለክላል?»

በጠራራ ፀሐይ ወረዱ። አልተደበቁም፤ የሚደበቅ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም። አዲስ የተቆረጠ መሆኑ እንዳይታወቅ ብለው የባሕር ዛፉን ልጥ እንኳ አልላጡትም። አምሳ አለቃ መንገድ ላይ አገኛቸው። አረንጓዴውን ግንድ አየ፤ ጥቁር ልብሳቸውንም አየ። ባርኔጣውን አነሳና «ማን ሞተ?» አለ። ሲነግሩት «እግዜር ያጥናቸው» ብሎ ከመንገዱ ገለል አለላቸው።

እትዬ ብርቄ ያን ጊዜ ቀበና ነበር የሚኖሩት። ሴቶቹ እንጨቱን ከድንኳኑ ጀርባ ከምረው ሲጨርሱ እያለቀሱ ገቡ። እሳቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነስተው አንድ በአንድ አቀፏቸው። እንጨቱን አላዩትም። ያዩት ወደ ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ግማሹ ምድጃ ውስጥ ነበር። እርጥብ ስለሆነ አይነድም፤ ይጨሳል። ወጥ የሚሠሩት የዕድር ሴቶች «ይሄን እርጥብ ማነው ያመጣው?» እያሉ ዓይናቸውን ሲጠርጉ እኔ እዚያው ሽንኩርት እልጥ ነበር። እትዬ ብርቄ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ክምሩን አዩት። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ሰለሞንም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር ክምሩ አጠገብ ቆመና ስልኩን አወጣ። ፎቶ አነሳ። ተመልሶ ገብቶ «መጽናናቱን ይስጥዎት» ብሏቸው ሄደ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወረዳ አዳራሽ ተጠራን። አቶ ሰለሞን፣ የደን ቢሮው ሰው፣ ከእትዬ ብርቄ ድርጅት ደግሞ የእሳቸው የበላይ የሆኑ አለቃ ነበሩ። ፎቶው በእጅ በእጅ ዞረ። ወሬው ደግሞ ከፎቶው ይከፋ ነበር፤ ሴትዮዋ በድሆች ስም ደን ታስጨፈጭፋለች፤ ለግል ድግሷ እንጨት ታስወርዳለች ይባላል።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ አቶ ሰለሞን። «ስም ብቻ ነው የምፈልገው። ስም ከተሰጠኝ ስምምነቱን ለማትረፍ እንነጋገራለን።»

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ልትነሳ ስትል እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ ተነሱ።

«እንጨቱ የነደደው እኔ ቤት ነው» አሉ። «ስም ከፈለጉ ይኸው ስም።»

የድርጅቱ አለቃ «ብርቄ፣ ያለ አንቺ እውቀት መሆኑን ብቻ ተናገሪ» አሏቸው። የሚለምኑ ይመስሉ ነበር። «አላዘዝኩም በይ፤ ያለቀ ነገር ነው።»

«አላዘዝኩም» አሉ። «ግን ይሄን ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው የእነሱ ስም ነው። ማን ቆረጠ ከተባለ አንድ ሰው ይታሰርና ሁላችንም ቤታችን እንገባለን። ልንጠይቅ የሚገባን ሌላ ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ችግኝ ያልነኩ ሴቶች ለምን በዚያን ቀን ቆረጡ? ስንስማማ ለቅሶን ረስተነዋል። ያ ስምምነት ውስጥ ሰው አይሞትም፤ ሰው አይዳርም። ያንን ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሥራው ነው፤ ሥራው የእኔ ነው። ቦታ እናብጅለትና እንቀጥል።»

ጥሩዬ ከኋላ «እና ለእናታቸው ቅጠል ይዘን እንሂድላቸው ነበር?» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀም። አቶ ሰለሞን «ሥነ ሥርዓት!» አለ።

ቦታ አልተበጀለትም። ስምምነቱ ተሰረዘ። እትዬ ብርቄን መጀመሪያ ከቦታቸው አነሷቸው፤ ቆይቶ ከሥራም ወጡ። አምሳ አለቃ ደምሴ መንገድ ለቀቀላቸው ተብሎ ተባረረ። ወረዳው ሳሙና ማምረቻ ብሎ የቆርቆሮ ቤት ሠራልን። ሲመረቅ ፎቶ ተነሳን። ቁልፉ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዲሶቹ ጠባቂዎች እናት ያላቸው አይመስሉም። ገመድ እንደገና ምስማር ላይ ተሰቀለ። ሴቶቹ እንደገና ከነጋዴዋ ተዋሱ፤ እንደገና ቆረጡ። ጥሩዬ ስትሮጥ ከነሸክሟ ገደል ውስጥ ገብታ ዳሌዋ ተሰበረ። አልተጠገነላትም። አሁን ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ ቀልድ የለም። ችግኞቹን ያጠጣቸው አልነበረም። እኔ ትምህርቴን ትቼ ተራራ ወጣሁ፤ ኋላ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። እናቴ ያን መጥረቢያ ወስዳ ጣለችው፤ የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። «እሳቸውን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ» ትላለች፤ በሕይወት እያሉ እንኳ እንደዚያ ነበር የምትለው። እትዬ ብርቄ ሁለት ጊዜ ሰው ልከውባታል። አልሄደችም። ሌሎቹም አልሄዱም። አልወደዷቸውም ማለት አይደለም፤ ዓይናቸውን ማየት ስላልቻሉ ነው።

እኔ ግን ከመሞታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ሄድኩ። ኮተቤ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ኩላሊታቸው ታሞ ፊታቸው አብጧል። መነጽራቸው ያው ነው። ልጃቸው ለሥራ ወጥታ ብቻቸውን ነበሩ። ሲያዩኝ «ሙሉ!» ብለው ሊነሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

ስለ ሰፈሩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ገመዱ፣ ስለ ጥሩዬ ዳሌ፣ ስለ ቆርቆሮው ቤት። እየነገርኳቸው «ከዚያስ?» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ፤ ከአዳራሹ ቀን ይልቅ የከበደኝም ያ ዝምታ ነው።

ፊታቸውን ሳይመልሱ «ረሃቡን አስቤበት ነበር» አሉኝ። «ዱላውንም፣ ጉቦውንም። የተናደደ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁሉ አስቤ ነበር። ውለታን አላሰብኩም። ሰው ስለወደደኝ ሥራው ይፈርሳል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ታውቁኛላችሁ፤ መናገር አልችልም። እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው ይሞቃል። ሲመሽ መሄድ ነበረብኝ፤ ከመገናኛ ታክሲ አይገኝም። ነጠላዬን ሳስተካክል «እናትሽ ለምን አትመጣም?» አሉኝ።

«ታፍራለች» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ያኔ የነገሩኝን ለእናቴ እስከ ዛሬ አላደረስኩላትም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንጨት ተሸክማለች፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እትዬ ብርቄም ያውቃሉ። ጠሩኝና፣

«ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ፤ «እንጨቱ ጥሩ አድርጎ ነደደ።»